የማኅበራችንን ወርኃዊ ዜና መጽሔት በኢሜይል አሳምረን ለመላክ ከምን እንጀምር?

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት የሚገኝ፣ ለትርፍ ያልተቋቋመ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። እስከ አሁን ወርኃዊ ዜና መጽሔታችንን በዎርድ አዘጋጅተንና ወደ ፒዲኤፍ ለውጠን፣ ከማኅበሩ የጂሜይል አድራሻ ለአባላት ሁሉ በአባሪነት ስንልክ ቆይተናል። አባላቱ እየበዙ ሲሄዱ ግን ችግሩ ተደራረበ። ለአንዳንዶቹ ጨርሶ አይደርሳቸውም፣ ለሌሎቹ ስፓም ውስጥ ይገባል፣ በስልክ የሚያነቡት ደግሞ ፊደሉ ደቅቆባቸው ገጹን ወዲያና ወዲህ መጎተት ሰልችቷቸዋል። የሥራ አመራር ኮሚቴው አሁን ጽሑፉ በራሱ በኢሜይሉ ላይ፣ ከነርእሱና ከነፎቶግራፉ ተውቦ እንዲወጣ ይፈልጋል። አንድ የኮሚቴ አባል ሁሉንም በካንቫ (በኢንተርኔት የሥዕል ማዘጋጃ) እንደ ፖስተር ሠርተን ሥዕሉን ብቻ እንላክ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ይዘቱ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ሲሆን፣ ከአዛውንት አባላት የሚመጡት ጽሑፎች ብዙውን ጊዜ በቀድሞዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተተየቡ ናቸው። ገንዘባችን ጥቂት ነው፤ የኮምፒውተር ባለሙያም የለንም።

ቀለም ቀንድ፦

የፖስተሩን ሐሳብ ከወዲሁ ቢተዉት ይሻላል። የማይክሮሶፍቱ የኢሜይል ፕሮግራም አውትሉክ ብዙ ጊዜ ከውጭ የሚመጣን ሥዕል ተቀባዩ እስኪፈቅድለት ድረስ አያሳይም፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር በሥዕል ውስጥ ከሆነ አባልዎ መጀመሪያ የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው። በሥዕል ውስጥ ያለ ጽሑፍ እንደ ስልኩ ስፋት ራሱን አያስተካክልም፣ በኋላ ሲፈለግ አይገኝም፣ ማየት የተሳናቸው አባላት የሚጠቀሙበት የማንበቢያ ፕሮግራምም በአግባቡ አያነበውም። ፎቶግራፍ ማስገባት መልካም ነው፤ ነገር ግን ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ ይቅር፣ ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍም ሥዕሉ ባይከፈት የሚታይ አጭር መግለጫ ይጻፍለት።

ከአዛውንቱ የሚመጡት ጽሑፎች ዋናው ፈተናዎ ይሆናሉ ብዬ እገምታለሁ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የወጣ ወጥ የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ የቀድሞዎቹ ሶፍትዌሮች የፊደሉን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። በዚያ መንገድ የተተየበ ጽሑፍ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ወይም ስልክ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን ገልብጠው ኖትፓድ ላይ ሲለጥፉት ፊደሉ ፊደል ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፣ ካልቆየ ግን በመቀየሪያ ፕሮግራም መለወጥ ወይም እንደገና መተየብ አለበት። ዩኒኮድ ከሆነ ስለ ፎንት ብዙ አይጨነቁ። ዊንዶውስ ኒያላ ወይም ኢብሪማ፣ የአፕል ኮምፒውተር ከፋ፣ አንድሮይድም ኖቶ የተባሉት ፎንቶች ስላሏቸው፣ አንባቢው ምንም ሳይጭን ያነበዋል፤ ያማረ ፎንት አብሮ ለመላክ መሞከር በተለይ በአውትሉክ ላይ ከንቱ ድካም ነው።

ገጹን በአንድ ዓምድ፣ ከ600 ፒክስል ባልበለጠ ስፋት ያዘጋጁት። የቀድሞው (ክላሲክ) የዊንዶውስ አውትሉክ ከ2007 እትሙ ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በዎርድ ሞተር ስለሆነ፣ በድረ ገጽ ላይ የሚያምር አቀማመጥ እዚያ ሲደርስ ይፈርሳል፤ የኢሜይል ቴምፕሌቶች (አስቀድመው የተዘጋጁ የገጽ ንድፎች) ዛሬም በሠንጠረዥ የሚሠሩት በዚህ ምክንያት ነው። ፊደላችን ውስብስብ ስለሆነ ከ16 ፒክስል በታች አይውረዱ፣ በመስመሮቹ መካከልም ለእንግሊዝኛው ከሚሰጡት የሰፋ ክፍተት ይስጡ። የተጋደመ ጽሑፍ ለግዕዝ ፊደል አይስማማውምና አጽንዖት ለመስጠት ማድመቅ ይበቃል። ከዎርድ ሲገለብጡ ያለ ቅርጸት ይለጥፉ፤ አለበለዚያ የማይታይ ትእዛዝ አብሮ ይገባና ቴምፕሌቱን ያበላሻል። ደግሞ ብዙ ጸሐፊዎቻችን ከአራት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ የመተው ልማድ አላቸው፤ ይህ በወረቀት ላይ ላይታወቅ ይችላል፣ በስልክ ግን አራት ነጥቡ ብቻውን ወደሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ይወርዳል።

ሰርቨር ጠባቂ፦

ቀለም ቀንድ በደንብ ስላብራሩት መልኩን እተወዋለሁ፤ ያላማረ ደብዳቤ ይነበባል፣ ያልደረሰ ግን አይነበብም። የግል ጂሜይል በቀን ከ500 በላይ ተቀባዮች እንዲኖሩት አይፈቅድም፣ ለድርጅቶች የሚቀርበው የጉግል ወርክስፔስ ጣሪያም በቀን 2,000 መልእክት ነው። ማኅበራችሁ የ501ሲ3 (ከግብር ነጻ የበጎ አድራጎት ድርጅት) ዕውቅና ካለው ጉግል ለትርፍ ላልተቋቋሙ ድርጅቶች ወርክስፔስን በነጻ ስለሚሰጥ ያንን ይጠይቁ፤ ለዚህ ግን የራሳችሁ ዶሜን (በኢሜይል አድራሻ ላይ ከ@ በኋላ የሚገባ የራሳችሁ ስም) ያስፈልጋችኋል። ዜና መጽሔቱን ግን ከዚያም ቢሆን በእጅ አትላኩት። እንደ ሜይልቺምፕ ወይም ብሬቮ ያለ የጅምላ መላኪያ አገልግሎት ተጠቀሙ፤ ሜይልቺምፕ ለእንዲህ ያሉ ድርጅቶች የ15 በመቶ ቅናሽ ያደርጋል። አድራሻቸው የጠፋውን ወይም የተዘጋውን ራሱ ለይቶ ያወጣል፣ መውጣት የሚፈልገውንም ያሰናብታል።

በዚህ አገልግሎት በኩል ስትልኩ ግን የላኪው አድራሻ በጂሜይል ወይም በያሁ የሚያልቅ አይሁን። ያሁ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በስሙ ከሌላ ሰርቨር የሚመጣ መልእክት ውድቅ እንዲደረግ አውጇል። በራሳችሁ ዶሜን ላይ ሦስት መዝገቦችን አስገቡ። ኤስፒኤፍ በስማችሁ መላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል፣ ዲኪም በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ዲጂታል ፊርማ ያሳርፋል፣ ዲማርክ ደግሞ ይህን ማረጋገጫ ያላለፈ መልእክት ምን እንደሚደረግበት ይናገራል። ጂሜይልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ ያለ ማረጋገጫ በሚመጣ መልእክት ላይ ቁጥጥር ማጥበቅ ጀምረዋል። በቀን ከ5,000 በላይ ወደ ጂሜይል አድራሻዎች የሚልክ ሦስቱንም እንዲያሟላ፣ በአንድ ጠቅታ የመውጫ መንገድ እንዲያኖርና «ስፓም ነው» የሚለው አቤቱታ ከ0.3 በመቶ በታች እንዲሆን ይጠየቃል። እናንተ ያን ያህል ባትልኩም ሦስቱንም አሟሉ።

ስለ አድራሻዎቹ አንድ ነገር ልጨምር። በለቅሶና በሠርግ መዝገብ ላይ የተጻፈን ኢሜይል ሰብስቦ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት በማኅበሮቻችን የተለመደ ነው፤ ፈቃድ ያልሰጠ ሰው ግን መውጫውን ከመፈለግ ይልቅ ስፓም የሚለውን መጫን ይቀለዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአሜሪካ የኢሜይል ሕግ በንግድ መልእክት ላይ የላኪው የፖስታ አድራሻ እንዲሰፍርና ልውጣ ያለ ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲወጣ ያዝዛል። የእራት ግብዣ ትኬት ስትሸጡ መልእክታችሁ ከዚያ ሊመደብ ስለሚችል፣ በየእትሙ ብታሟሉት ይሻላል።

ከአዲስ አበባ፦

እኔ በአዲስ አበባ በአንድ አገር በቀል ድርጅት የኮሙኒኬሽን ሥራ እሠራለሁ። ከላይ ከተባለው ብዙውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጥያቄውን ራሱን መጠየቅ ይኖርብናል። ተዋበ የሚባለው ዜና መጽሔት አብዛኛው ሰንደቅ፣ የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍና በቀለም የተሞላ ሳጥን ነው። በሞባይል ዳታ ለሚከፍተው አንባቢ ይህ ሁሉ ወጪ ነው። ከላይ አነስተኛ ዓርማ፣ ቀጥሎ ከአንድ ሰው ለአንድ ሰው እንደሚጻፍ ያለ ደብዳቤ፣ ከዚያም ተጨምቆ የተቀመጠ አንድ ፎቶግራፍ ይበቃል ባይ ነኝ። ኮሚቴው ይቃወም ይሆናል፤ ኮሚቴ ሁልጊዜ ዓርማው ከፍ እንዲል ይፈልጋል።

ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ እትም ከላይና ከታች መደርደርም አልወደውም፤ የታችኛው ሁልጊዜ የእንጀራ ልጅ ይሆናል። ሰው ሲመዘገብ የትኛውን እንደሚመርጥ ጠይቃችሁ ዝርዝሩን ለሁለት ክፈሉት። የስብሰባ ቀን ስትጽፉ በሁለቱም የዘመን አቆጣጠር ጻፉ፤ ሰዓቱም በአገር ቤት አቆጣጠር ይሁን በአሜሪካ በግልጽ ይነገር፤ «በ3 ሰዓት» የሚለውን አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ አድርጎ ያነበዋል። የከፈቱት ሰዎች ቁጥር ሲወጣ ወይም ሲወርድም እንዳያታልላችሁ፤ አፕል እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በሜይል መተግበሪያው ላይ ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ያልተከፈተ ደብዳቤም እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። ስንት ሰው ሊንክ ተጫነ፣ ስንት ሰውስ መልስ ጻፈ የሚለው የተሻለ መለኪያ ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶሜኑ ተመዝግቧል፤ ለኮሚቴው አባላት የሙከራ እትም ልከናል። በጂሜይል የሚያነቡት ግን እንግሊዝኛው ሙሉ ሆኖ ሲመጣላቸው፣ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው አማርኛ ከመጨረሻው ተቆርጦ «ሙሉውን መልእክት ይመልከቱ» የሚል ሊንክ ብቻ ይታያቸዋል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

ቀለም ቀንድ፦

ጂሜይል የመልእክቱ ኤችቲኤምኤል (ጽሑፉና የአቀማመጡ ኮድ በአንድነት) ከ102 ኪሎባይት ገደማ ሲያልፍ ቀሪውን ይቆርጣል። በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ አንዳንድ ቴምፕሌት ማዘጋጃ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቁጥር ኮድ ስለሚለውጠው 7 ባይት ይደርሳል። ኮዱን ከፍታችሁ ፊደሉ በቁጥር ተተክቶ ካገኛችሁት ያንን ማስተካከያ አጥፉ ወይም ማዘጋጃውን ቀይሩ። ቴምፕሌቱ ውስጥ የማትጠቀሙባቸውን ሳጥኖችም ሰርዙ፤ ብዙውን ክብደት የሚይዘው ጽሑፉ ሳይሆን እነርሱ ናቸው። ከዚያም በኋላ ከረዘመ የእያንዳንዱን ዜና መግቢያ ብቻ አስቀርታችሁ ቀሪውን በድረ ገጻችሁ አስነብቡ። ሳይስተካከል ግን አትላኩት፤ የዝርዝር መውጫውና የፖስታ አድራሻው ያሉት በተቆረጠው ክፍል ውስጥ ነው።