የደም ቧንቧ ጥንካሬ ልኬቴ 9.4 ወጣ፣ ልፍራ ወይስ ልተወው?

ጀበናዬ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 46 ነው፣ ኑሮዬ ስዊድን። ሩማቶይድ አርትራይተስ (መገጣጠሚያን የሚያሳብጥና የሚያሳምም በሽታ) ከያዘኝ 9 ዓመቴ፤ እናቴ አሁንም «ቁርጥማት» ነው የምትለው። ሜቶትሬክሴት የሚባለውን መድኃኒት በሳምንት አንዴ እወስዳለሁ፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ደግሞ ሲብስብኝ ብቻ።

ባለፈው ሳምንት የምከታተልበት ክሊኒክ «ለጥናት ነው» ብለው የደም ቧንቧዬ ምን ያህል እንደጠነከረ ለኩኝ። አጋደሙኝ፣ ደረቴ ላይ ሽቦ ለጣጠፉብኝ፣ ከዚያ አንዷ እስክሪብቶ የመሰለ ነገር መጀመሪያ አንገቴ ላይ፣ ቀጥላ ብሽሽቴ ላይ ጫን አድርጋ ያዘች። በመጨረሻ እንደ ልብስ ሰፊ በሜትር ለካችኝ። ወረቀቱ 9.4 ሜትር በሰከንድ ይላል። «ሐኪሙ ያስረዳሻል» ብላ ሸኘችኝ፣ የሐኪሙ ቀጠሮ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ! ጎግል ሳደርግ ከ10 በላይ አደገኛ ነው ይላል። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ለመሆኑ የጣቴ መገጣጠሚያ ከልቤ ጋር ምን አገናኘው?

ነጭ_ጋዋን፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ረጋ በይ። የምሠራው የልብ ምርመራ ክፍል ነው፣ ይህንን ልኬት በየሳምንቱ እናደርገዋለን።

የለኩት ፍጥነት ነው። ልብ በመታ ቁጥር በቧንቧው ግድግዳ ላይ ሞገድ ይሮጣል። ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ሞገዱ ይዘገያል፣ ከጠነከረ ይፈጥናል። የአትክልት ማጠጫ ጎማና የብረት ቧንቧ አስቢ። ትርታው አንገትሽ ጋ የደረሰበትንና ብሽሽትሽ ጋ የደረሰበትን ጊዜ ያነጻጽራሉ፣ ርቀቱን ለዚያ ልዩነት ያካፍላሉ። ሜትሩ ለዚህ ነው። ለምሳሌ ከአንገት እስከ ብሽሽት 60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ሁለቱም ሞገዶች የሚነሱት ከልብ ስለሆነ ርቀቱ ተጋኖ ይወጣል፣ ስለዚህ 80 በመቶው ብቻ ይያዛል፤ 48 ሴንቲ። የጊዜው ልዩነት 60 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ 8 ሜትር በሰከንድ ይመጣል። አሁን ለኪዋ በ3 ሴንቲ አብዝታ ብትለካ 8 የነበረው 8.4 ይሆናል። ሜትሩ ሆድ ላይ ጎበጥ ብሎ ካለፈ 3 ሴንቲ ምንም ማለት አይደለም።

10 የሚለው መስመር በ2012 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ባለሙያዎች የተስማሙበት ነው፣ ከዚያ በፊት 12 ነበር። ገደል አይደለም። በ40ዎቹ ውስጥ ላለ፣ ግፊትም ሌላም ችግር ለሌለበት ሰው አማካዩ 7.2 ገደማ ነው፣ እስከ 9.8 ድረስ ደግሞ በተለመደው ክልል ይቆጠራል። ያንቺ ከፍ ብሏል፣ ግን ከክልሉ አልወጣም።

ስለ ጣትሽ፦ ብግነቱ (መገጣጠሚያሽን የሚያሳብጠውና የሚያግለው ነገር) ጣት ላይ አይቀርም። በደም ይዞራል፣ የቧንቧውን የውስጥ ሽፋን ያስቆጣል፣ ቧንቧው እንደ ልቡ መለጠጥ ያቅተዋል።

አሁን እኔ ልጠይቅሽ። የዚያን ቀን ግፊትሽ ስንት ነበር? ከመለካትሽ በፊት ስንት ደቂቃ ተጋደምሽ? ቡና ጠጥተሽ ነበር?

ጀበናዬ፦
ኧረ ጉድ። ስሜን አይተህ ነው አይደል 😅 ሁለት ስኒ ጠጥቼ ነው የወጣሁት። አውቶቡስ እንዳያመልጠኝም ሮጫለሁ። እንደደረስኩ ወዲያው አስገቡኝ፣ ግፊቴ 148 በ91 ነበር፣ ሁልጊዜ ግን 125 ገደማ ነው። በዚያ ላይ ያን ሳምንት ሁለቱም እጄ አብጦ የጠርሙስ ክዳን መክፈት አልቻልኩም ነበር።

ነጭ_ጋዋን፦
በቃ፣ እኔ ብሆን ያንን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ነው የማስገባው። ይህ ልኬት ግፊትን ይከተላል፤ ግፊት ሲወጣ ቧንቧው ይወጠራል፣ ቁጥሩም አብሮ ይወጣል። ለዚህ ነው ቢያንስ 10 ደቂቃ ጸጥ ብሎ መጋደም የሚያስፈልገው፣ ሳያወሩ፣ እንቅልፍ ሳይወስድ። ቡና፣ ሲጋራና ከባድ ምግብ ልኬቱ ሦስት ሰዓት ሲቀረው ይቆማል። ሕመሙ ሲያገረሽም ልኬቱ ከፍ ይላል፣ ብግነቱ በመድኃኒት ሲበርድ ዝቅ እንደሚል በብዙ ጥናቶች ታይቷል። ደውለሽ ሁሉንም ንገሪያቸው። ለጥናቱም ይጠቅማል፣ አለዚያ የሚመዘግቡት የአውቶቡስሽን ሩጫ ነው።

ሉፐስ_ከሜሪላንድ፦
እኔ ትንሽ ልቃወም። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ ራሱን ሰውነትን የሚያጠቃበት ሕመም) አለብኝ፣ እዚህ አሜሪካ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ሐኪሜ ይህን ነገር አንድ ቀን እንኳ አንስቶልኝ አያውቅም። ቁጥሩን አውቄ ምን አደርገዋለሁ? ግፊት ልቆጣጠር፣ የደም ስብ (ኮሌስትሮል) ልለካ፣ ብግነቱን ላረጋጋ፣ ቁጥሩ 7 ቢሆንም 11 ቢሆንም ያው ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር ኢዩላር ሩማቶይድ ላለበት ሰው በተለመደው የልብ ስጋት ማስያ የወጣውን ቁጥር በ1.5 አባዙ ይላል። ማስያው በ10 ዓመት ውስጥ በልብ ሕመም የመጠቃት ዕድልሽ 4 በመቶ ነው ካለ 6 በመቶ ይሆናል። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ብግነቱ ሲጋል ኮሌስትሮል ይወርዳል! «ኮሌስትሮልሽ ግሩም ነው» ተባልኩ፣ ስበርድ ወጣ። ስለዚህ ስቡም የሚለካው ሕመሙ ሲረጋጋ ነው።

ነጭ_ጋዋን፦
የኮሌስትሮሉ ነገር ልክ ነሽ። በልኬቱም ብዙ አልከራከርሽም፣ በየቀኑ ሕክምና ላይ የግድ አይደለም። ጥቅሙ ያው ሰው በያው ሁኔታ ከዓመት ዓመት ሲለካ ነው። አንዴ ተለክቶ መደንገጥ ግን ከንቱ ነው።

የሸገር_ልጅ፦
እማዬ 61 ዓመቷ ነው፣ ሩማቶይድ አለባት። አዲስ አበባ ይህን ምርመራ የት ላስደርግላት? ገንዘቡ አያሳስበኝም። አሁን ለሕመሙ ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ እየገዛች ትውጣለች፣ ቆየት ብሏል።

ነጭ_ጋዋን፦
ወንድሜ፣ ማሽኑን መፈለግ ተው። ዳይክሎፌናኩን ነው መጀመሪያ የምንነጋገርበት። ግፊት ያስወጣል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለልብም ለኩላሊትም አይመችም፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን በሽታ ደግሞ አያቆመውም። ሐኪሟ በየቀኑ እንደምትውጠው ያውቃል? ያው ገንዘብ የክንድ ግፊት መለኪያ ይገዛል። ጠዋትና ማታ ለሳምንት ለክታችሁ ጻፉት፣ ስኳርና ስብም አስመርምራት፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ሐኪሟ ጋ ሂዱ። ፕሬድኒሶሎን እየወሰደች ከሆነ ግን በራሳችሁ በድንገት እንዳታቆሙት።

የሸገር_ልጅ፦
ኧረ አያውቅም። «እሱን ለዶክተር መንገር ምን ያደርጋል፣ የራስ ምታት ኪኒን ነው» ትላለች። እሺ፣ ማክሰኞ አብሬያት እገባለሁ።

ጀበናዬ፦
ደውዬ ነበር። ለካ ፎርሙ ላይ «ካፌይን ወስደዋል?» የሚል ጥያቄ ነበረ፣ በስዊድንኛ ሲሆን ዓይኔ ዘለለው 🙈 ደግመው ሊለኩኝ ቀጠሮ ሰጡኝ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በእኛ አቆጣጠር። እጄም በረድ ብሎልኛል። ቡናውን በፔርሙዝ ይዤ እሄዳለሁ፣ ሲጨርሱ እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ እጠጣዋለሁ።