እማዬን ይዤ ማሳይ ማራ ልሄድ ነው፤ ጉልበቷ ግን እምቢ ይላል

የአራት ኪሎዋ፦
ሰላም ወገን። ልጅ ሆኜ እማዬ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ትወስደኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት በዚያ ስናልፍ ታክሲ ውስጥ ሆና «እነዚህ እኮ አንበሳ አይደሉም፣ እስረኞች ናቸው» አለች። ወያላው ሳይቀር ሳቀ። እኔ ግን ማታውኑ ኬንያ ስላለው የአራዊት ፓርክ፣ ስለ ማሳይ ማራ፣ ሳነብ አመሸሁ።

ዕድሜዋ 68 ነው፤ ቀኝ ጉልበቷን ያማታል፤ ሮብና ዓርብን አትገድፍም። እኔ ፒያሳ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ፈቃድ የማገኘው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ነው፣ ያውም ሰባት ቀን። የቢጫ ወባውን ክትባት ጨርሰናል፣ እሱን አትንገሩኝ።

አንድ አስጎብኚ ቢሮ ሄጄ የአራት ቀን ዋጋ ሰጡኝ፤ ደህና መሰለኝ። ቤት ገብቼ ወረቀቱን ሳገላብጥ ግን ከታች በደቃቅ ጽሑፍ «የፓርክ መግቢያን አይጨምርም» ይላል። ደውዬ ስንት እንደሆነ ስጠይቅ «ብዙም አይደለም፣ እዚያው ትከፍያለሽ» አሉኝ። ዋጋ ጠይቄ «ብዙም አይደለም» ሲሉኝ ሆዴ ይፈራል።

መስከረም ላይ የሚታይ ነገር ይኖራል ወይስ ያልፋል? መንገዱን ትችለዋለች? በጾሟ ቀን ምን ትበላለች? የማሳይ መንደር የሚሉት ደግሞ እውነት ነው ወይስ ለቱሪስት የተሠራ ድራማ?

ዘጠኝ ዓመት ኢስሊ፦
እህቴ፣ ናይሮቢ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ፤ አራቱን ቱሪስት ሳመላልስ ነው ያሳለፍኩት። ያቺን ደቃቅ ጽሑፍ እንኳን አየሻት። የማራ መግቢያ እ.ኤ.አ. ከ2024 አጋማሽ ወዲህ ለውጭ አገር ሰው ከጁላይ እስከ ዲሴምበር በቀን 200 ዶላር ነው፤ በሌላው ጊዜ 100። ለሁለት ሰው ሁለት ቀን 800 ዶላር ማለት ነው። «ብዙም አይደለም» ያሉሽ ይህንን ነው። ትኬቱ የሚሠራው ደግሞ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በደረሳችሁበት ቀን አመሻሽ ላይ እንዳትገቡ። ከፓርኩ ውጭ እደሩና በማግስቱ ገና ጎሕ ሲቀድ ግቡ።

መስከረም አያልፍም። ዋይልድቢስቱ (ቀንድ ያለው፣ በመንጋ የሚሄድ የዱር እንስሳ ነው) ከታንዛኒያ፣ ከሴሬንጌቲ፣ ከጁላይ ጀምሮ ይመጣና እስከ ኦክቶበር ድረስ ማራ ይግጣል። ወንዝ ሲሻገር ማየት ግን ዕድል ነው። አንዴ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወንዙ ዳር ቆመናል። መንጋው አፋፉ ላይ ተኮልኩሎ ይገፋፋል፣ አዞው ከታች እንደ ግንድ ተጋድሟል። በመጨረሻ አንዱ የፊት እግሩን ነከር አድርጎ መለሰ፤ በቃ፣ ሁሉም ዞሮ ወደ መጣበት። ፈረንጆቼ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸው።

ከናይሮቢ በናሮክ በኩል አምስት፣ ስድስት ሰዓት ነው። ሚኒባስ ይረክሳል፤ ለእናትሽ ግን ላንድክሩዘር ይሁንላት፣ እግሯን የምትዘረጋበት የፊት ወንበር አስይዢላት። መወጣጫው ከፍ ስለሚል ትንሽ ዱካ ያዙ። ፓርክ ውስጥ እንደልብ ከመኪና አይወረድም፤ ስለዚህ (ይህን ማንም አይነግርሽም) በሩ ላይ ሽንት ቤት ሳትገቡ አትለፉ። ጠዋት ጠዋት ይበርዳል፤ ጋቢዋን ትያዝ።

ጾሙ አያስጨንቅሽ። ሱኩማ ዊኪ ያው ጎመን ነው። ጊዘሪ የሚሉትን፣ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለውን፣ «ንፍሮ» ብላ ትበላዋለች። ኡጋሊ ቅቤና በርበሬ የሌለው ገንፎ ነው፤ እኔ በዘጠኝ ዓመት አልለመድኩትም። ደግሞ በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛ ነው፣ «ሳ ምቢሊ» የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ሆቴሉ በእንግሊዝኛ ሲጽፍልሽ ግን በፈረንጅ ነውና አደራ።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ መንደሩ እውነት ነው፤ ይኖሩበታል። ወጣቶቹ የሚጨፍሩት የዝላይ ጭፈራ ግን ለናንተ ሲባል ነው፣ እኛም ሐመር ሄደን ለፎቶ እንደምንከፍለው ማለት ነው። ሳትገቡ በፊት ዋጋውን ቁረጡ። ከገባችሁ በኋላ እናትሽን ከቤቱ እመቤት ጋር አስቀምጪያት፤ ቤቱን በእበት መርጋ የሠራችው ራሷ ናት። ባለቤቴ የወተት ቅላቸውን ተቀብላ አፍንጫዋ ሥር አደረገችና «አንተ፣ ወይራ ነው!» አለችኝ። ማሳዮችም ቅላቸውን በወይራ ያጥናሉ። ከዚያ በኋላ በምልክት ሲያወሩ አንድ ሰዓት ሄደ። አስጎብኚው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ዝላዩን አላየነውም፣ አልቆጨንምም።

ሸገር ልጅ፦
800 ዶላር በር ለማለፍ?! ባሌ ሄዳችሁ ቀይ ቀበሮ እዩ፤ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም።

የአራት ኪሎዋ፦
ወንድሜ፣ አንበሳ ነው ያለችው።

ትዕግሥት ከካዛንቺስ፦
አንድ ነገር ብቻ፦ ፌስታል እንዳትይዙ! ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ብሔራዊ ፓርኮቻቸው ውስጥ ሃይላንድም አይገባም፤ የሚሞላ ኮዳ ግዙ። የኔ እናት ዳቦ ቆሎውን በሦስት ፌስታል ደራርባ አስራው፣ ቦሌ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ወደ ነጠላዋ ስንገለብጥ ሰው ሁሉ ያየናል።

የአራት ኪሎዋ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ የወይራውን ነገር ሳነብላት ተነሥታ ተቀመጠች። ወንድም ኢስሊ፣ ቢሮው ሄጄ መግቢያውን ጨምራችሁ ጻፉልኝ ብያቸዋለሁ፤ አራቱን ቀን ወደ ሦስት አወረድነው። ዳቦ ቆሎው የጨርቅ ከረጢት ተሰፍቶለታል። አሁን የቀረን ጀበናው ነው፤ ካለሱ አልሄድም ብላለች። የሸክላ ጀበና በእጅ ሻንጣ ያሳልፋሉ?

ትዕግሥት ከካዛንቺስ፦
ያሳልፋሉ። ጋቢው ውስጥ ጠቅልይው፣ ክዳኑን ለብቻ።