እናቴን እንጀራ ቀንሺ፣ ጾም ተዪ አሏት፤ የምግብ ባለሙያ የሚያማክረው እንዲህ ነው?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ዓይነት 2 ስኳር አለባት፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። ሰሞኑን ስኳሯ አልወርድ ሲል ሐኪሟ ወደ ምግብ ባለሙያ ላካት፣ እኔም አብሬያት ገባሁ። ባለሙያዋ መዘነቻት፣ ፋይሏን አየች፣ ከዚያ በእንግሊዝኛ የታተመ ወረቀት ሰጠቻት። ኦትስ፣ ብሮኮሊ፣ ሳልመን፣ ቡናማ ሩዝ ይላል። እንጀራ በቀን ግማሽ ብቻ፣ ጾም ጭራሽ አይቻልም ተባለች። ምን ትበያለሽ፣ ቤት ውስጥ ማን ነው የሚያበስለው ብሎ የጠየቃት የለም። እማዬም "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብላ ወጣች። ወረቀቱ እስካሁን ቦርሳዋ ውስጥ እንደታጠፈ ነው። ሁዳዴ እየደረሰ ነው፣ እንደማትተወው ደግሞ አውቃለሁ። እኔ ልጫናት ወይስ ሌላ ባለሙያ ልፈልግ?

ጤና ይስጥልኝ፦
እህቴ፣ እኔ የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ። እባክሽ አትጫኛት። አትጹሚ የተባለች እናት ጾሙን አትተውም፤ የምትተወው ለእኛ መናገሩን ነው፣ ያ ደግሞ ከጾሙ የባሰ አደጋ አለው። በተለይ ግሊቤንክላማይድ ስለምትወስድ። ይሄ መድኃኒት ምግብ ገባም አልገባም ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ ስለሚገፋፋ፣ ጠዋት ውጣው እስከ 9 ሰዓት ሳትበላ ከቆየች ስኳሯ በጣም ሊወርድ ይችላል። ሜትፎርሚን ብቻውን ይህን እምብዛም አያደርግም። ስለዚህ ጾሙ ሳይገባ ወደ ሐኪሟ ሂዱና "እጾማለሁ፣ መድኃኒቱን እንዴት ላድርግ?" ብላ ራሷ ትጠይቅ። ከቤት መጠኑን እንዳትነኩ። ካንቀጠቀጣት፣ ካላባት ወይም ስኳሯ ከ70 በታች ከሆነ ጾሙን መፍታት አለባት። 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጧትና ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ። ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም አትስጡ፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዷት። ይህን ለንስሐ አባቷም አስቀድማ ትንገራቸው፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት ከእኛ ይልቅ እሳቸው ሲነግሯት ነው የምትሰማው።

ምግቡን በተመለከተ፣ ምስር፣ ጎመንና ፎሶሊያ ለስኳር ታማሚ ጥሩ ምግብ ናቸው። የአሜሪካ የስኳር በሽታ ማኅበር ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የጋራ ሰነድ ለሁሉም ታማሚ የሚሆን አንድ ዓይነት አመጋገብ እንደሌለ ጽፏል። የሚያስቸግረው የእንጀራው ብዛት ነው፣ በዚያ ላይ ድንቹ፣ ፓስታው፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። የሳህኑን ግማሽ ጎመንና አትክልት፣ ሩቡን ምስር፣ ሩቡን እንጀራ አድርጉት። ሳልመን ፍለጋ መዞር አያስፈልግም።

አባ መላ፦
እኔ ራሴ ስኳር አለብኝ። "ሩብ ሳህን" የሚባለው ነገር በጋራ ማዕድ ላይ አልሠራ ብሎኝ ነበር፣ ምክንያቱም ከአንድ ትሪ ስትበላ ስንት እንደበላህ አታውቀውም፣ ለብቻ ሳህን ይዞ መቀመጥ ደግሞ እንደ በሽተኛ መገለል ሆኖ ይሰማሃል። አሁን የኔን እንጀራ ቆርጠው ትሪው ላይ ከፊቴ ያደርጉልኛል፣ እሱ ካለቀ አበቃ። ወጡን አብሬ ነው የምበላው። ጉርሻ ሲመጣ ጎመኑን አጉርሱኝ እላለሁ፣ ማንም አይከፋም። ይሄን ያመጣችው ባለሙያዬ ናት፣ እቤት እንዴት እንደምንበላ አስቀድማ ስለጠየቀችኝ።

ቀለሜ፦
ባለሙያዋ ላይ ብቻ ባንፈርድ ጥሩ ነው። መንግሥት ሆስፒታል ያለውን ሰልፍ አይታችሁታል? ለአንድ ሰው የሚደርሰው ጊዜ በጣም ትንሽ ነው።

ጤና ይስጥልኝ፦
@ቀለሜ ሰልፉ እውነት ነው፣ እኔም በየቀኑ የማየው ነው። ግን "እማማ፣ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን በሉ?" ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይወስድም። መልሱን ሰምቶ ከዚያ ውስጥ እሷ ራሷ የመረጠችውን አንድ ነገር መለወጥ፣ ለምሳሌ የሻዩን ስኳር መቀነስ፣ ማንም ካልገለጠው ወረቀት ይሻላል። ወረቀት መስጠት ካስፈለገም በምታነበው ቋንቋ ይሁን።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አሜሪካ ወላጆች ያሏችሁ፣ ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን) ለስኳር ታማሚ የምግብ ባለሙያ ምክር ይሸፍናል፤ በመጀመሪያው ዓመት 3 ሰዓት፣ ከዚያ በየዓመቱ 2 ሰዓት። ከሐኪም ሪፈር ያስፈልጋል። አማርኛ አስተርጓሚም በነፃ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። እናንተ አታስተርጉሙ። እናቴ እኔ ክፍሉ ውስጥ እያለሁ ስለ ሆድ ድርቀቷ ትንፍሽ አትልም ነበር፣ አስተርጓሚ ሲመጣ ግን ሁሉንም ተናገረች።

የእማዬ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለሐኪሟ ቀጠሮ አስይዣለሁ፣ የምትጠይቀውን ራሷ እየነገረችኝ እየጻፍኩላት ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሽሮን ከየትኛው ሩብ ልቁጠረው? እማዬ ያለ ሽሮ አትውልም።

ጤና ይስጥልኝ፦
ከምስሩ ጋር ቁጠሪው፣ በቦታው እንጂ በተጨማሪ አይሁን። ግን ሽምብራና አተር ፕሮቲንም ስታርችም ስላላቸው፣ ሽሮው በዛ ባለ ቀን እንጀራውን ትንሽ ታሳንስ። ዘይቱንም ቀነስ አድርጉለት።