በተተከለ ኩላሊት ማርገዝ፦ «ጥቁር ሴቶች» የሚለው እኛንም ይጨምራል?

የኮዬዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

32 ዓመቴ ነው፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ኩላሊት የሰጠኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጥር ሲመጣ 3 ዓመት ይሞላኛል። እጥበት ላይ እያለሁ የወር አበባዬ ጠፍቶ ነበር። ከንቅለ ተከላው በኋላ በሦስተኛው ወር ሲመለስ ባለቤቴ እልል ሊል ምንም አልቀረው። አሁን ልጅ እንፈልጋለን። አማቴ በአፋቸው አይናገሩም፤ ግን በመጡ ቁጥር የታችኛዋን ጎረቤት ሕፃን ታቅፈው ነው የሚገቡት።

ባለፈው ክትትሌ ላይ ጉዳዩን አነሳሁት። ሰውነቴ የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የምወስደው ታክሮሊመስ በደሜ ውስጥ ሲለካ ደም የሚቀዳው የጠዋቱ ኪኒን ሳይዋጥ ስለሆነ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቼ፣ ኪኒኔን በመሐረብ ቋጥሬ፣ ሦስት ታክሲ ቀያይሬ ነው የደረስኩት። ተራዬ ሲደርስ ወጣቱ ሐኪም ከካርዱ ቀና ሳይል «አንቺ ያለሽን ኩላሊት ጠብቂ» አለኝና ቀጣዩን ታካሚ ጠራ። ክሪያቲኒኔ (ኩላሊት መሥራቱን የሚያሳየው የደም ልኬት) 1.1 ነው፣ ሽንቴ ላይ ፕሮቲን የለም፣ ግፊቴ በመድኃኒት 120 በ80። ኩላሊቱ እንዳይገፋ የምወስደው ታክሮሊመስ፣ ሴልሴፕትና ፕሬድኒሶሎን፣ ለግፊት ደግሞ ኢናላፕሪል ነው።

በዚህ መሐል ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች የእርግዝና ደም ግፊት ይበዛባቸዋል፣ የተተከለላቸው ኩላሊትም ከነጮቹ ቀድሞ ይደክማል ይላል። ወንድሜ «ኢትኒክ» የሚለውን «ብሔር» ብሎ ሲተረጉምልኝ «ታዲያ የሰጠኸኝ ኩላሊት የየት ክልል ነው?» ብዬው ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኛም እዚያ ውስጥ አለንበት? እዚህ አገር ንቅለ ተከላ አድርጋ የወለደችስ አለች?

የጣፎ እናት

አለሁልሽ እህቴ። ንቅለ ተከላዬ ሕንድ ነው፣ የወለድኩት ግን እዚሁ አዲስ አበባ። ልጄ አሁን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ ይህን ስጽፍ ቻርጀሬን እያኘከ ነው።

ኩላሊቴ በቀኝ በኩል ከብሽሽቴ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ልጁ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ እዚያው ጋ ሲራገጥ እጄን ደግፌ «ቀስ በል፣ የአክስትህ ነው» እለው ነበር፤ የሰጠችኝ እህቴ ናት። አልትራሳውንድ ያነሳችኝ ልጅ መጀመሪያ ደንግጣ «ይሄ ምንድን ነው?» አለች፤ ሆድ ውስጥ ኩላሊት አልጠበቀችም።

ሴልሴፕቱን በእርግዝና ጊዜ በሚፈቀደው አዛታዮፕሪን የቀየሩልኝ ከማርገዜ ከአራት ወር በፊት ነው። ክሪያቲኒኔ ከፍ እንዳላለ እስኪያረጋግጡ መሞከርም ከልክለውኝ ነበር። ካረገዝኩ በኋላ የታክሮሊመስ መጠኔ ሁለት ጊዜ ተጨመረ። ሽንቴ ጀርም እንዳለው በየወሩ በካልቸር ይመረመር ነበር፤ አንዴ ሳያመኝ ኢንፌክሽን ተገኝቶብኛል። በ34ኛው ሳምንት ግፊቴ ወጣ፣ በ35ኛው በኦፕራሲዮን ወለድኩ። 2 ኪሎ ከ300። ሙቀት ክፍል ስድስት ቀን ቆየ።

ደግሞ ውኃ! የእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የሚያወጣልሽ ሰው ካሁኑ አዘጋጂ፤ አንቺ እንዳትነኪው።

ስም አልሰጥም

የእኔ በ9ኛው ሳምንት ወረደ። ይህንንም ማወቅ ስላለባት ነው የምጽፈው። ኩላሊቴ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ፋርማሲስቱ

እህቴ፣ የአክስትሽ ልጅ የላከችው ውሸት አይደለም፤ ግን «ጥቁር» የሚለው ቃል እዚያ አገር ሰፊ ጆንያ ነው። አፖ ኤል ዋን የሚባል ጂን አለ፤ ለኩላሊት በሽታ የሚያጋልጡት ሁለት ዓይነቶቹ ምዕራብ አፍሪካ ዘር ባላቸው ሰዎች ዘንድ ይበዛሉ። የአብዛኛው አሜሪካዊ ጥቁር ቅድመ አያት ደግሞ ከዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት በተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ላይ አልተገኙም። ለተተከለ ኩላሊት ደግሞ በዚህ በኩል ዋናው የሰጪው ጂን ነው፤ ያንቺ ወንድም ማለት ነው። የቀረው ልዩነት ኢንሹራንስ፣ ክትትል፣ ሐኪሙ ቀና ብሎ ማየቱ ጭምር ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2021 ድረስ እዚያ የኩላሊት ሥራ ሲሰላ የጥቁር ሰው ውጤት በ1.159 ይባዛ ነበር፣ በቆዳ ብቻ። አሁን ተነሥቷል።

እኛንም የሚመለከት ነገር ግን አለ። ታክሮሊመስን ቶሎ የሚሰባብር ኢንዛይም ያላቸው ሰዎች ከነጮች ይልቅ በእኛ ዘንድ ይበዛሉ፤ እርግዝና ሲጨመርበት መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይወርዳል። የጣፎዋ መጠን የተጨመረው ለዚህ ነው። ኪኒንሽን በመሐረብ ቋጥረሽ የምታስለኪውን ነገር እንዳትተዪው።

በተተከለ ኩላሊት ልጅ አይወለድም የሚሉሽ ካሉ፣ በቦስተን ከመንታ እህቷ ኩላሊት የተቀበለችው ኢዲት ሄልም እ.ኤ.አ. በ1958 ወልዳለች። ከ4,700 በላይ እርግዝናዎችን ያሰባሰበ ጥናት ደግሞ ከመቶው 73 ያህሉ በሕይወት መወለዳቸውን፣ ግማሽ ገደማው ያለ ጊዜያቸው መምጣታቸውን፣ 27 ከመቶው እናቶች ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው ከባዱ የእርግዝና ደም ግፊት እንደገጠማቸው ያሳያል። የአንቺ 1.1ና ንጹሕ ሽንት ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን እኔን ያስፈራኝን ልጠይቅሽ። ሴልሴፕት የፅንስን ጆሮ፣ ከንፈርና ልብ ያበላሻል፤ ማቆም ያለብሽ ከማርገዝሽ ቢያንስ 6 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፣ ያውም በሐኪም ተተክቶ። ኢናላፕሪሉም ይቀየራል። በራስሽ አንዲት ኪኒን እንዳታቆሚ። ግን እስከዚያ የወሊድ መከላከያ ትጠቀሚያለሽ? ይህን አልጻፍሽም።

የልጅ አባት ከሰበታ

ለልጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ጠበል ቦታ «ኪኒኑን ጥለሽ ነይ» ያሏት ነበሩ። ጠበሉንም ጠጣች፣ ኪኒኑንም ዋጠች።

የኮዬዋ

ፋርማሲስቱ፣ ጥያቄህን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። አልጠቀምም ነበር። «እንዲህ በቀላሉ የት ይመጣል» ብለን ነው። ትናንት ማታ ባለቤቴ አየር ጤና ድረስ ሄዶ መመርመሪያ ገዝቶ መጣ፣ ሰፈራችን ያሉት ዘግተው ነበር። አንድ መስመር ብቻ ነው የወጣው። ዛሬ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ በክንድ የሚቀበረውን አስገባሁ፤ ነርሷ የኪኒኖቼን ስም እያስደገመችኝ ጻፈች። እጄ ላይ እንደ ክብሪት እንጨት ይዳሰሳል።

የጣፎ እናት፣ የተከታተሉሽን የማህፀን ሐኪም የሥራ ቀን በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። የኩላሊቱን ቀጠሮ ከዚያ ቀን ጋር ማስገጠም እፈልጋለሁ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ሁለቴ መነሳት ይከብደኛል።