የሐይቁ የድረሱልኝ ጥሪ፦ ረቂቁን አብረን እንጨርሰው

ፀሐፊ፦ ሰላም የጀልባ ማኅበራችን አባላት። ሐይቁ ላይ አደጋ ሲገጥም እንዴት ድረሱልኝ እንደሚባል ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር የምናስገባው ሐሳብ እስከ አርብ ማለቅ አለበት። የመጀመሪያው ረቂቅ «ለእያንዳንዱ ጀልባ የእጅ ሬዲዮ ይገዛ» ይላል። ክረምት ላይ የአንዱ አባላችን ሞተር ሐይቁ ዳር ካለው ከአሞራ ገደል ርቆ ቆመበት። «የት ነህ?» ሲሉት «ሐይቁ መሃል ነኝ» ነው ያለው። የሐዋሳ ሐይቅ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። መሃሉ የቱ ጋ ነው? ሐሳባችሁን ጻፉ።

ጀልባ ነጂ፦ ያ ሰው እኔ ነኝ። አራት ተሳፋሪ ይዤ ነበር፤ አንዷ ሕፃን ታቅፋለች። ሦስት ሰው ጋ ደውዬ ስልኬ ጠፋ። የተሳፋሪዎቹ ስልክ ይሠራ ነበር፤ ግን የማንን ቁጥር በቃሌ አውቃለሁ? የባለቤቴን ብቻ። እሷ ደግሞ ገበያ ነበረች፣ አልሰማችም። ያገኙን ከመሸ በኋላ የስልክ መብራት ስናውለበልብ አይተው ነው። ሕፃኗ በብርድ ትንቀጠቀጥ ነበር። አሁንም ዓይኔ ላይ አለች።

የቀድሞ መርከበኛ፦ እንኳን ተረፋችሁ ወንድሜ። እኔ በሠራሁበት የንግድ መርከብ ሬዲዮው ላይ ክዳን ያለው ቀይ ቁልፍ ነበር። ክዳኑን ከፍተህ ተጭነህ ትይዘዋለህ። በቻናል 70 የመርከቡን መለያ ቁጥር፣ ከጂፒኤስ ጋር ከተያያዘም ያለበትን ቦታ ራሱ ይልካል። ከዚያ በቻናል 16 ሦስት ጊዜ «ሜይዴይ» ትላለህ፤ «ድረሱልኝ» ማለት ነው። መርከቡ ከሰጠመም ኢፐርብ የሚባለው መሣሪያ አለ። ውኃው ሲጫነው ራሱን ፈትቶ ይንሳፈፋል፤ በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት ይጮኻል። ይህን የሳተላይት ሥርዓት አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ፈረንሳይና ሶቪየት ኅብረት ናቸው የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1982 የመጀመሪያዎቹን ሰዎች አተረፈ።

ግን ቁም ነገሩ መሣሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ ሲሰጥም ካሊፎርኒያን የተባለ መርከብ ቅርብ ነበር። ያለው አንድ የሬዲዮ ሠራተኛ ነው፤ እሱም ተኝቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ የዋለው የአሁኑ ዓለም አቀፍ የባሕር ድረሱልኝ ሥርዓት ትልቁ ለውጥ፣ ጥሪው በአቅራቢያ ላለ መርከብ ብቻ ሳይሆን የብስ ላይ ነቅቶ ለሚጠብቅ ጣቢያ እንዲደርስ ማድረጉ ነው። እኛ ሬዲዮ ገዝተን የሚሰማ ከሌለ ምን ዋጋ አለው?

ገንዘብ ያዥ፦ ልክ ነህ ጋሼ። ለሬዲዮው ከኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣትም ይኖራል። ሬዲዮ ሁለተኛ ዙር ላይ ይሁን። መጀመሪያ የሚሰማ ሰው እናስቀምጥ።

አሳ ነጋዴ፦ ስለ ቱሪስት ጀልባ ብቻ አታውሩ እባካችሁ። ማታ መረብ ጥሎ ንጋት ላይ የሚያወጣው ልጅ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ሎኬሽን ላክ ብትሉት ከየት ያመጣል? ሲወጣ ይመዝገብ። ወዴት እንደሚሄድ፣ ስንት ሆነው እንደሚወጡ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ። ካረፈደ እናንተ ደውሉለት። እኔ አሳውን ስጠብቅ ስንቴ ልቤ ቆሟል መሰላችሁ።

ፀሐፊ፦ እትዬ፣ ይህ ረቂቁ ውስጥ ፈጽሞ አልነበረም። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«ማኅበሩ በጀልባ መነሻው ከንጋት እስከ ምሽት ተረኛ ያስቀምጣል። ለድረሱልኝ ብቻ የሚያገለግል አንድ ስልክ ቁጥር ይኖራል፤ በየጀልባው ውስጠኛ ጎን በትልቁ ይጻፋል። የሚወጣ ሁሉ ይመዘገባል። ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ካለፈ ተረኛው ይደውላል፤ ካልተነሳ ነዳጅ ተሞልታ የምትጠብቀው ጀልባ ትወጣለች። ስማርት ስልክ ያለው ሎኬሽን ይልካል፤ የሌለው የታቦርን ተራራ በየት በኩል እንደሚያየው ይናገራል። ከተማውን የምንጠይቀው የተረኞች አበልና የነዳጅ ወጪ ነው።»

የቀረው የንጋት ተራ ነው። ማን ይጀምር?

ጀልባ ነጂ፦ የመጀመሪያውን ሳምንት እኔ እይዛለሁ። ቁጥሩ ግን በቢጫ አይጻፍ፤ ጀልባዬ ውስጧ ነጭ ነው፣ አይነበብም። ጥቁር ቀለም ግዙ።