ዊንዶውስ 10ን በቤት ኮምፒውተር ላይ በምን እንተካው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ያለው ላፕቶፕ 7ኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰርና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ሲሆን፣ እስካሁን የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ነው። የዚህ ሥርዓት መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ መቀየር እፈልጋለሁ። ልጆች ይማሩበታል፤ እኔም በአማርኛ እጽፍበታለሁ። ባትሪው ስለደከመ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ይዘጋል። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦
ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የኮምፒውተር ደኅንነት መጠበቂያ ክፍል፣ ከኢንቴል ደግሞ በአብዛኛው 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰርን ስለሚጠይቅ የእርስዎ ኮምፒውተር መስፈርቱን አያሟላም። ፍተሻውን አልፈው የሚጭኑ ቢኖሩም እኔ አልመክርም፤ ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ዓይነት ኮምፒውተር ማሻሻያ እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም። በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው ነፃ ሥርዓት ሊኑክስ ሚንት 22 ግን እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ሳይጭኑት ከፍላሽ ማስነሳት ስለሚቻል፣ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ መሥራታቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ።

መልስ 2፦
እስማማለሁ፤ ሆኖም የአማርኛ መጻፊያው ፕሮግራም ፓወር ግዕዝ የተሠራው ለዊንዶውስ መሆኑን ልብ ይበሉ። በሊኑክስ የአማርኛ ኪቦርድ አይባስ በተባለው የኪቦርድ መቀያየሪያ ፕሮግራም በኩል ይጨመራል። አስቸጋሪው ዩኒኮድ (በሁሉም ኮምፒውተር የጋራ የሆነው የፊደላት ኮድ) ባልሆኑ የቆዩ ፎንቶች የተጻፈው ሰነድ ነው፤ ፎንቱ በሌለበት ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የላቲን ሆሄና ምልክት ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ዊንዶውሱን ከማጥፋትዎ በፊት ሰነዶችዎን ወደ ዩኒኮድ ይቀይሯቸው።

መልስ 3፦
መብራትን በተመለከተ፣ ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚቀመጡባቸው ሥርዓቶች፣ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስም ሆነ የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 የለውጥ መዝገብ ስለሚይዙ የፋይል ሥርዓቱ ከድንገተኛ መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ ያገግማል። ሴቭ ያልተደረገውን ጽሑፍ ግን ሁለቱም አይመልሱም። በእኔ አስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪውን ይለውጡት።