ክርክር፦ የፓፓ ቻርሊ ጃክሰን ሸክላዎች እንደገና ሲታተሙ ጫጫታቸው ይጥፋ ወይስ ይቆይ?

መነሻ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፦ ፓፓ ቻርሊ በ1924 በቺካጎ ፓራማውንት ለተባለው የሸክላ ኩባንያ ብሉዝ ሲቀርጽ ብቻውን ባለ ስድስት ክር ባንጆ ይዞ ነበር። ስሙን ዛሬ የሚያነሳው ጥቂት ሰው ነው። የዚያ ዓመት ሸክላዎቹ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ በአሜሪካ ለማንም ነፃ ስለሆኑ የፈለገ ሁሉ ስብስብ ማውጣት ይችላል። ድምፁ እስከምን ይጽዳ?

ባለክር፦ በልክ ይሁን። የ1924ቱ የተቀዳው በማይክሮፎን ሳይሆን ድምፅ በሚሰበስብ ትልቅ ቀንድ (ጡሩምባ መሰል ማስገቢያ) ነው። ከ5000 ኸርዝ በላይ ሽሽሽ ከሚለው በቀር ያን ያህል ነገር የለም፤ ይቆረጥ። ከዚያ በታች ስትገቡ ግን ጣቱ ክሩን ሲነጥቅ የሚሰማውን «ጠቅ» ትነካላችሁ። ማጽጃ ሶፍትዌሩ ያንን ከጭረት አይለየውም፤ ባንጆው ከግድግዳ ማዶ የሚመታ ይመስላል።

መርፌ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ ከሶፍትዌሩ በፊት ይጀምራል። ፓራማውንት ሸክላ የሚያትመው በርካሽ ድብልቅ ስለነበር አዲሱም ይንጫጫል፤ ሸክላው የሚታተምበት ዋናው የብረት ቅጂ ደግሞ አብዛኛው ለቁርጥራጭ ብረት ተሽጧል። ያለን ያረጀ ሸክላ ብቻ ነው። ስለዚህ መርፌውን አስተካክሉ። የኤልፒ (የኋለኛው ዘመን ረጅም ሸክላ) መርፌ ቀጭን ስለሆነ ድምፁ የተቀረጸበት ቦይ ወለል ላይ ወርዶ ቆሻሻውን ያርሳል። በ3 ሚል (0.076 ሚሊ ሜትር) ጀምሩ፣ 2.5 እና 3.5ንም ሞክሩ፤ የድሮዎቹ የብረት መርፌዎች ያልበሉት የቦዩ ግድግዳ ክፍል ላይ ሲያርፍ ብዙው ኮሽታ በራሱ ይወርዳል። በስቴሪዮ ቅዱና ከግራና ከቀኝ ግድግዳ ያልተጎዳውን ምረጡ። በአልኮል ግን በፍጹም አትጠቡ፣ ሸክላው የተሠራበት ሸላክ ይሟሟል። የተጣራ ውኃና አንድ ጠብታ ሳሙና ይበቃል።

አዲስ አድማጭ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎም የሚቀረው ጫጫታ ጆሮ ያደክማል። ሃያ ዘፈን በተከታታይ ማን ይችለዋል? እኔ ይጽዳ ነው የምለው።

ባለክር፦ እህቴ፣ ይጽዳ ካልሽ እንኳ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ኮሽታው፣ ሽሽሽ የሚለው በኋላ። ከተገለበጠ ኮሽታው ይደበዝዝና ማጽጃው አያገኘውም።

ቃኚ፦ ፍጥነቱን ማንም አላነሳም፤ ለእኔ ከጫጫታው ይብሳል። 78 (በደቂቃ የሚዞረው ዙር) ስሙ ነው እንጂ በዚያ ዘመን ሁሉም በልኩ አልቀረጸም። በ83 የተቀዳውን በ78 ብታዞሩት ድምፁ ግማሽ ቃና ያህል ይወርዳል፣ ዘፋኙም ያረጀ ይመስላል። የባንጆው ቅኝት ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይቆርጥም፤ ብቻውን ስለሚጫወት ከማንም ጋር መስማማት አልነበረበትም። ቢያንስ በስንት እንዳዞራችሁት ሽፋኑ ላይ ጻፉ።

መርፌ፦ እሱ ላይ እስማማለሁ። ያልተነካውም ቅጂ በከፍተኛ ዲጂታል ጥራት (በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ) አብሮ ይውጣ፤ የጸዳውን የጠላ ከእሱ ይጀምር።